ማን አስያዘው

መቀስ የወንድሟን ወጥ ቤት ቁም ሣጥን በርግዳ ዕቃውን እያወጣች ወለሉ ላይ ትከምረዋለች። የዘይት ጀሪካን፣ የሩዝ ከረጢት፣ ግማሹ የተበላ የብስኩት ካርቶን፣ አፉ የተቋጠረ የዱቄት ፌስታል። የምትፈልገውን ነገር እሷም አጥርታ አታውቀውም። ብቻ ወንድሟን የገደለው ነገር እዚህ ቤት ውስጥ፣ ከሚስቱ እጅ ሥር እንደሚገኝ አልተጠራጠረችም። ወንድሟ ገና አልሞተም፤ ሆስፒታል ተኝቷል። እሷ ግን ከሦስት ቀን ጀምሮ በልቧ "የገደለው" እያለች ነው።

"እትዬ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው? ይንገሩኝና እኔ ላውጣልዎ" አለች የወንድሟ ሚስት። ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ምግብ የምታበስልበትን የመዋዕለ ሕፃናት ነጭ ሽርጥ እንኳ ገና አላወለቀችም።

"እንዳትነኪ! እዚያው ቁሚ።"

"ቤቴ እኮ ነው።"

"የወንድሜ ቤት ነው!"

መቀስ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ቆርጣለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ እጇን አይተው ይሁን ምላሷን ሰምተው ግን እስከ ዛሬ ደፍሮ የነገራት የለም። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ድራለች። ታናሽ ወንድሟንም እናታቸው ስትሞት በአሥር ዓመቱ ተረክባ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። ስለዚህ ወንድሟ ያገባ ዕለት ሚስቱን የተቀበለቻት ቤቷ የገባ ሌባ እንደምትቀበል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ያ ነገር አልለቀቃትም።

ከሦስት ቀን በፊት ዶክተሯ "የጉበት ካንሰር ነው፤ ሰፍቷል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም" ብላ ስትነግራቸው አያይዛ ብዙ ጥያቄ ጠይቃ ነበር። ይጠጣል? ያጨሳል? ደም ተሰጥቶት ያውቃል? የሻገተ ለውዝ ወይም የሻገተ እህል ይበላል? ከቤተሰቡ በጉበት የሞተ ሰው አለ? ዶክተሯ ለማወቅ የጠየቀችውን፣ መቀስ እንደ ክስ ወረቀት በቃሏ ይዛው ወጣች።

ከዱቄቱ ጀርባ እጇን ስትሰድ ግማሽ የቀረው የጂን ጠርሙስ ወጣ። ከታችኛው መደርደሪያ ደግሞ አንድ ፌስታል ለውዝ። ፈታ ብታሸተው የእርጥብ ግድግዳ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ፍሬው ላይ አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል።

"ይኸውልሽ! እጅ ከፍንጅ!" ፌስታሉን ሴትዮዋ እግር ሥር ወረወረችው። ለውዙ ወለሉ ላይ ተበተነ። "በጆሮሽ ሰምተሽ ደብቀሽዋል!"

"የደበቅኩት ነገር የለም። ለውዙን በኩንታል አስመጥቶ በየሄደበት የሚቆረጥመው እሱ ነው። ጠርሙሱንም እሱ ነው የሚደብቀው፤ ከእኔ። ስንቴ ደፋሁበት፣ ስንቴ ተጣላን፤ ለእርስዎም ነግሬዎት ነበር።"

ነግራት ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት "እትዬ፣ እርስዎን ይሰማል፣ መጠጡን እንዲቀንስ ይምከሩልኝ" ብላ ቤቷ ድረስ መጥታ ነበር። ያኔ መቀስ የመለሰችላት "ወንድ ልጅ ቤቱ ሲመርረው ይጠጣል" ብላ ነው። ይህን አሁን አስታወሰችው፤ ማስታወሷም ይበልጥ አናደዳት።

"ሰው በቤቱ ደስ ካለው ጠርሙስ ምን ያደርግለታል?" ብላ ለውዙን እየረገጠች ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ተገናኙ። ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው አይተያዩም። ወንድሟ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የብረት ቱቦ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ አራት ፎቅ ይወጣ የነበረው ሰው አሁን ትራሱን ለማስተካከል ሰው ይጠራል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ገፍቶታል፤ ክንዱ ግን የልጅ ክንድ አክሏል።

ዶክተሯ የደም ውጤቱን ይዛ ገባች። ወጣት ናት፤ ስትናገር ቃሏን ትመጥናለች።

"ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ ደሙ ውስጥ ተገኝቷል። ለብዙ ዓመት ምንም ሳያሳይ ጉበቱን ሲያቆስል የኖረው እሱ ነው።"

"መጠጡ አይደለም እንዴ?" አለች መቀስ።

"መጠጡም አግዞታል። ሲጋራውም እንደዚሁ። የሻገተ ለውዝ ደግሞ ቫይረሱ ያለበትን ጉበት ከሌላው አብልጦ ይጎዳዋል። አንዱ ብቻውን ነው ብዬ አልነግርዎትም፤ ግን ቀድሞ የገባው ቫይረሱ ነው።"

"ቧንቧው ከውስጥ ሲዝግ እኛ ከውጭ ቀለም ስንቀባ ከረምን ማለት ነዋ" አለ ወንድሟ። ሊስቅ ሞክሮ ሳሉ አቋረጠው።

"ማን አስያዘው?" ስትል መቀስ ዓይኗ የሄደው ወደ ዶክተሯ አልነበረም።

ዶክተሯ ገባት። "ባለቤቱ ተመርምራለች፤ ነጻ ናት። ነፍሰ ጡር ሳለችም ሁለቴ ተመርምራ ነጻ ነበረች። ልጆቹም እንደተወለዱ ተከትበዋል። እንዲህ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከእናት ነው የሚመጣው፤ በወሊድ ሰዓት። ስለዚህ እርስዎም እንደ እህትነትዎ ቢመረመሩ..."

"እናቴን ነው?" የመቀስ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በሚቀጥለው አልጋ የተኙት ሽማግሌ ቀና አሉ። "እናቴን ነው የምትሰድቢው? መጠጥ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት!"

"ማንንም አልሰደብኩም። እናትዎ በምን ነበር ያረፉት?"

"በሐሳብ!"

"እታለም" አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። "እማዬ እኮ ዓይኗ ቢጫ ነበር። ሆዷም እንደኔ... እንዲህ ነበር። ትዝ ይለኛል።"

"አሥር ዓመትህ ነበር! ምን ይታወስሃል?"

እሱ ይታወሰው አይታወሰው አንድ ነገር ነው፤ እሷን ግን ይታወሳታል። እናቷን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰውነቷን ያጠበቻት እሷ ናት። ያንን እንደ ከበሮ የተወጠረ ሆድ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ እናቷ "ቀስ" እያለች እጇን ትይዛት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ "ሐሳብ ነው፣ የባሏ ነገር ነው" አለ፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሊሰማ የሚችል ጆሮ አልነበራትም።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወደ ፋብሪካ አልሄደችም። እግሯ ይዟት የሄደው የወንድሟ ሚስት ወደምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ነው። ኃላፊዋን አስጠርታ በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት።

"ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። የሕፃናቱ ነገር አሳስቦኝ ነው እንጂ። ባሏ በጉበት በሽታ እየሞተ ነው፤ የሚተላለፍ ነው አሉን። እሷ ደግሞ ለስልሳ ሕፃን ምግብ ትሠራለች። እርስዎ ያውቃሉ።"

"ነጻ ናት" የሚለውን ቃል ከሰማችው አንድ ሰዓት አልሞላውም። አልተናገረችውም። ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ለራሷ "እኔ ውሸት አልተናገርኩም" እያለች ሄደች፤ በእርግጥም አንድም የውሸት ቃል አልወጣትም።

ወሬው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን ሊወስዱ በመጡ ወላጆች መካከል ዞረ። በሦስተኛው ቀን የወንድሟ ሚስት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠበቀቻት። ፊቷ ላይ የደም ጠብታ የለም።

"አንቺ ነሽ አይደል?"

መቀስ ክው አለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህች ሴት አንድ ቀን እንኳ "አንቺ" ብላት አታውቅም።

"እኔን ነው አንቺ የምትዪው?"

"አንቺን ነው። ከእንግዲህ እትዬ የምለው ሰው የለኝም። ባሌ እየሞተብኝ፣ ሁለት ልጅ ይዤ፣ ጉሮሮዬን ዘጋሽው። የምርመራ ወረቀቴን ለኃላፊዋ አሳየኋት። 'እኔ አምንሻለሁ፣ ወላጆቹ ግን አያምኑም፣ ለጊዜው ቤትሽ ቆይ' አለችኝ። ያደረግሽውን እያወቅሽ ነው ያደረግሽው። ዶክተሯ ስትናገር አጠገቤ ቆመሽ ነበር።"

"ወንድሜን ጠብቄ አሳድጌ ለአንቺ..."

"ወንድምሽ ከአንቺ ጋር ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣው። ተመርመሪያ! ምን ያስፈራሻል?"

"እኔ? እመረመራለሁ! ንጹሕ ወረቀት አምጥቼ ግንባርሽ ላይ ነው የምለጥፈው! ያኔ የእናቴን ስም የምታነሺበት አፍ ካለሽ አያለሁ!"

ያለችውን አደረገች። ያንኑ ሰዓት፣ ከነንዴቷ፣ ወደ ላቦራቶሪው ወርዳ ክንዷን ዘረጋች። ደሙን የቀዳው ባለሙያ "ጡንቻዎን ያላሉት፣ እናቴ" ቢላት "አንተ ሥራህን ሥራ" አለችው።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ። ዶክተሯ ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋችና ወንበር ሳበችላት። መቀስ ወንበሩን ስታይ ነው የገባት።

"ቫይረሱ አለብዎት።"

መቀስ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስቴፕለር ታየው ጀመር።

"ይህ ማለት ካንሰር አለብዎት ማለት አይደለም" አለች ዶክተሯ። "ሰኞ አልትራሳውንድ ይነሣሉ፤ ከዚያ በየስድስት ወሩ። መድኃኒት ካስፈለገዎት መድኃኒት አለ። ወንድምዎ አሥር ዓመት ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። መጠጥ ይጠጣሉ?"

"አልጠጣም።"

"ሲጋራ?"

"አላጨስም። ምንም አላደረግሁም እኮ። ምንም!"

"አዎ። እናትዎም ምንም አላደረጉም።"

ይህን ጊዜ መቀስ ከቦርሳዋ መሐረብ ፈልጋ አጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ የዓይኗን ጥግ ጠረገች።

"ልጅ አለዎት?"

"አንዲት ሴት። ሌላ ከተማ ነው ያገባችው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ስምንት ወሯ ነው።"

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "ዛሬ ይንገሯት። በአስቸኳይ ትመርመር። እሷም ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ይከተባል፤ ሌላም የሚሰጡት መድኃኒት ይኖራል። ያኔ እዚያው ይቆማል። ካልነገሯት ግን..."

"ገባኝ።"

ገብቷታል። ግን አልደወለችም። ልጇ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። የዚያች ሴትዮ ዓይን ትዝ አላት፤ በሠርጉ ቀን የሙሽራዋን ጥርስ ሳይቀር ሲቆጥር የነበረ ዓይን። ሴትዮዋ ይህን ብትሰማ ልጇን ሳህን ትለይባታለች፤ ሕፃኑን ከእቅፏ ትነጥቃታለች። "በሽታ ይዛ ገባችብን፣ ልጄን አስያዘችብኝ" ብላ ሰፈሩን ታዞረዋለች። መቀስ ይህን ሁሉ በደንብ አወቀችው፤ ከማንም ጠይቃ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራዋ ላይ ነበረች። ሃምሳ ድርብ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል፤ ማሽኑ የሳተውን ጠርዝ በእጅ መቀስ እያስተካከለች ሳለ ሐሳቧ ሄደና የግራ አውራ ጣቷን ገመሰችው። ደሙ ነጩ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ። ቁልፍ ሰፊዋ፣ አሥራ አምስት ዓመት አጠገቧ የሠራችው፣ ከወንበሯ ተስፈንጥራ መጣች።

"ውይ በሞትኩት! አምጪ፣ ልሰርልሽ!"

"አትንኪኝ!"

"ኧረ ደምሽ እየፈሰሰ ነው!"

"ራቂ አልኩሽ! አንድ እርምጃ እንዳትጠጊ!"

ጩኸቷ የስፌት ማሽኑን ድምፅ በልጦ ወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ቁልፍ ሰፊዋ የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ "እሷ መቼም ሰው አይጠጋት" እያለች ተመለሰች። መቀስ በቁራጭ ጨርቅ ጣቷን ጠምጥማ፣ ደም የነካውን ሁሉ ለይታ በፌስታል ቋጥራ ጣለች፤ ከዚያ በረኪና አምጥታ መቀሱንም ጠረጴዛውንም ብቻዋን ፈተገች። አርባ ሴት እያያት። ማንም አላባረራትም፤ ማንም ነውረኛ አላላትም። ያም ሆኖ የወንድሟ ሚስት ስልሳ ወላጅ እያያት በዚያ በር ስትወጣ እንዴት ሆና እንደወጣች ያን ጊዜ ታያት።

ለአለቃዋ "ወጥቼ መጣሁ" ብላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሄደች።

መዋዕለ ሕፃናቱ ጸጥ ብሏል፤ ሕፃናቱ የቀን እንቅልፋቸው ላይ ናቸው። ኃላፊዋ ስታያት ፊቷን ቋጠረች። መቀስ ያመጣችባት ወሬ እስከ አሁን እያመሳት ነው።

"ያን ቀን የነገርኩዎት ነገር" አለች መቀስ ሳትቀመጥ፣ "ነጻ መሆኗን እያወቅሁ ነው የነገርኩዎት።"

"ምን?"

"በሽታው የእኛ ቤት ነው። የእናቴ፣ የወንድሜ፣ የእኔ። እሷ የለባትም። በምግብ ደግሞ አይተላለፍም፤ ዶክተሯን ይጠይቋት። ወደ ሥራዋ ይመልሷት።"

"እርስዎ ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ወላጆቹን እኔ በምን አፌ ላሳምናቸው?"

"እጽፋለሁ። በሩ ላይ ይለጥፉት።"

ኃላፊዋ ወረቀትና ብዕር ገፋችላት። መቀስ ቀስ እያለች፣ ፊደሉን እያጎላች ጻፈች። ኃላፊዋ በትከሻዋ በኩል ስታነብ ቆይታ እጇን ያዘች።

"ይህንኛውን ይተዉት። 'ተሳስቼ ነው' ቢሉ ይበቃል። የራስዎን መታመም ምን ብለው በር ላይ ይለጥፉታል? ሰፈሩ አንድ ነው፤ ነገ ፋብሪካዎ ይደርሳል።"

"ተሳስቼ አይደለማ።"

"እንግዲህ እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው።"

መቀስ ዓረፍተ ነገሩን አልሰረዘችውም። ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፈችና ፈረመች።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የወንድሟ ሚስት ናት፤ ታጥቦ የተተኮሰ ሽርጥና የወጥ ቤቱን ቁልፍ ይዛለች፤ ልታስረክብ መምጣቷ ነው። መቀስን ስታይ በሩን ይዛ ቆመች።

"ደግሞ ምን ቀረሽ?"

ኃላፊዋ ምንም ሳትል ወረቀቱን ሰጠቻት። ሴትዮዋ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ፊቷ አልፈታም።

"ይቅርታ አላደርግልሽም" አለች።

"አልጠየቅኩሽም።"

"ጥሩ።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው፤ ቁልፉን ግን አላስቀመጠችም። በሩን ልትዘጋ ዞር ካለች በኋላ ቆመች። "ልጅሽ ነፍሰ ጡር ናት። ነግረሻታል?"

መቀስ ጣቷ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አጠበቀች።

"አልነገርሻትም። ይኼን ለስልሳ ወላጅ ጽፈሽ ለልጅሽ አልነገርሻትም?"

"ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው።"

"አማቷ ምን ትላለች ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"አንቺ እኔን ያልሽኝን ነዋ የምትላት።" ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረም። "ሌላ ምን ትላለች?"

ኃላፊዋ የማያስፈልጋት ፋይል ከፍታ ማገላበጥ ጀመረች። መቀስ በቆሰለው አውራ ጣቷ እየተቸገረች ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ሴትዮዋ ውጪ አላለቻትም፣ ተቀመጪም አላለቻትም፤ በሩን ተደግፋ ክንዶቿን አጣጥፋ ታያታለች።

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ።

"ወዬ እማ! በዚህ ሰዓት? አጎቴ ምን ሆነ?"

"አጎትሽ አለ። ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"አይ፣ እማማ አጠገቤ ናቸው። ምነው? ልውጣ እንዴ?"

መቀስ "አዎ ውጪ" ልትል አፏን ከፈተች። ያቺ ሴትዮ፣ ያ ጥርስ የሚቆጥር ዓይን፣ ከልጇ አጠገብ ተቀምጦ እየሰማ ነው። ልጇ ወጥታ ብትሰማው፣ ስትመለስ ለዚያ ዓይን የምትመልሰው ልጇ ናት፤ ብቻዋን።

"አትውጪ" አለች። "ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊውና እሳቸውም ይስሙ። ከእኔ የመጣ ነገር ነው፤ እኔው ልንገራችሁ።"